በጤፍ ዘለላ ላይ፦ ስለ ትንንሽ ፍጥረታት ፎቶግራፍ ሂሳዊ አስተያየት

ደገዛ የተባለውን ፌንጣ መሰል ተባይ የወሎ ገበሬ ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ጤፉ አብቦ ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ዘለላው ላይ ወጥቶ አበባውንና ገና ወተት የሆነውን ለጋ ፍሬ ይበላል። የሳይንሱ ዓለም ስም ያወጣለት ግን በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በለንደን በብሪታንያ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ዴቪድ ራግ «ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ» ብሎ ሰየመው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ክንፈ አጭር» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው የግብርና ጽሑፍ ደግሞ «የወሎ የቁጥቋጦ ፌንጣ» እየተባለ ይጠራል። አንድ አገር ስሙን ለተባይ ማዋሱ ደስ የሚያሰኝ ክብር ባይሆንም፣ ስሙ በዚሁ ጸንቷል።

ገበሬው ደገዛን በጥፋቱ፣ ሊቁ ደግሞ በስሙ ያውቁታል። የፎቶግራፍ ጥበብስ በምን ሊያውቀው ይገባል? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ዛሬ በመካነ ሰላምና በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ ካሜራ፣ ወይም ካሜራ ያለው ስልክ፣ በመምህሩም በግብርና ባለሙያውም በተማሪውም እጅ ይገኛል። ይሁን እንጂ በዚህ አገር ስለ ተፈጥሮ ፎቶግራፍ ሲነሣ አሳብ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ፣ በቀድሞ ስሙ ወደ ደንቆሮ ጫካ ነው። እዚያ ጭላዳ አለ፤ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ጅብራና አስታ አለ። ግርማ ያላቸው ናቸውና መነሣታቸው ተገቢ ነው። ጭላዳው የሚግጠውን ሣር ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ዓለም ለማየት የሚንበረከክ ግን ጥቂት ነው።

የሚንበረከኩትም ቢሆኑ ምን ዓይነት ምስል ይዘው እንደሚነሡ መመርመር ይገባል። አዲስ ካሜራ የገዛ ጀማሪ የትንንሽ ፍጥረታትን ፎቶግራፍ ሲማር በመጀመሪያ የሚማረከው በማጉላት ነው። የዝንብ ዓይን እንደ ወንፊት፣ የጉንዳን መንጋጋ እንደ መቀስ ሆኖ ሲታየው ይደነቃል፤ ምስሉን የሚያይለትም አብሮ ይደነቃል። መደነቅ መልካም መነሻ ነው። ዳሩ ግን አሥረኛው የዝንብ ዓይን ከመጀመሪያው የተለየ ምን ይናገራል? ዝንቡ የማን ነው? የት ነበር? ምን ይሠራ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ምስል፣ ጥራቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የካሜራውን ችሎታ እንጂ የፍጥረቱን ኑሮ አያሳይም።

ይህ ዝንባሌ የጀማሪ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የቆየ የዘር ሐረግ አለው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. «ማይክሮግራፊያ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም፣ በማጉያ መነጽር ያያትን ቁንጫ ከመጽሐፉ ገጽ እጅግ በሚበልጥ፣ ተጣጥፎ በሚዘረጋ ወረቀት ላይ አሳትሟታል። ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ ከመቶ ሰባ ዓመታት በፊት የተሠራ ሥዕል ቢሆንም፣ ዛሬም ለሚመለከተው ያስደንቃል፤ የቁንጫዋ ጀርባ እንደ ጥሩር የተደራረበ፣ እግሯም በጠጉር የታጠረ ነው። ነገር ግን ቁንጫዋ የተሣለችው በባዶ ነጭ ወረቀት ላይ ነው። የምትነክሰው ቆዳ የለም፤ የምትሸሸግበት ልብስ የለም። ሁክ ሊያስተምር የፈለገው የአካልን አሠራር ነበርና ባዶው ወረቀት ለእርሱ ዓላማ በቂ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን ዓላማውን ትተው ባዶውን ወረቀት ወረሱ።

የዚህ መንገድ ከፍተኛው ደረጃ ሌቨን ቢስ በ2016 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ያቀረበው «ማይክሮስካልፕቸር» የተሰኘ ትርኢት ነው። ቢስ በቤተ መዘክሩ የተከማቹትን የደረቁ ጥንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት አንድ በአንድ እያነሣ፣ ለአንዱ ምስል 8,000 ያህል ፎቶግራፎችን እርስ በርስ አዋህዷል። እያንዳንዱን የአካል ክፍል ለብቻው አብርቶ፣ የጥንዚዛውን ጀርባ እንደ ተቀረጸ ነሐስ፣ እንደ ተጠለፈ ካባ አድርጎ ያሳያል። ሥራው በእውነት ታላቅ ነው፤ ትዕግሥቱም የሚያስቀና ነው። ሆኖም የሞተን ፍጥረት ሞቱን ሳይደብቅ ያቀረበ ሥራ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ርእሱ ራሱ «ጥቃቅን ቅርጻ ቅርጽ» እንደ ማለት ነውና ሕይወት አሳያለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ሕይወትን አሳያለሁ እያለ ነፍሳቱን በማቀዝቀዣ አፍዝዞ ወይም ገድሎ በአበባ ላይ የሚያስቀምጥ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ተመልካቹን ያታልላል። እግሩ ቅጠሉን ያልጨበጠ፣ አንቴናው የተንጠለጠለ ነፍሳት ሕያው ሆኖ ሲቀርብ ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ይለየዋል፤ ገበሬ ደግሞ ዓይኑ የሠለጠነ ነው።

በሌላው አቅጣጫ የቆመ ሥራ አለ። ክሎድ ኑሪዳኒና ማሪ ፔሬኑ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ማይክሮኮስሞስ» የተባለው ፊልም፣ ትረካ ከሞላ ጎደል ሳይኖርበት፣ በደቡብ ፈረንሳይ ባለ አንድ የገጠር መስክ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታትን ያሳያል። ከፊልሙ ሁሉ በተመልካች ሕሊና የቀረው፣ እበት አድበልብላ የምታንከባልል ጥንዚዛ ድብልቧ በእሾኽ ላይ ተሰክቶባት የምትታገልበት ክፍል ነው። በዚያ ክፍል የጥንዚዛዋ ዓይን አይጎላም፤ የጀርባዋ ድምቀትም ዋና ነገር አይደለም። የሚታየው ጥንዚዛዋ፣ እበቱ፣ እሾኹና መሬቱ ነው። አራቱ ባንድነት ሲገኙ ነገር ይፈጠራል፤ ተመልካች ትንፋሹን ይሰበስባል። ፊልሙ አልፎ አልፎ በሙዚቃው ስሜትን ከሚገባው በላይ እንደሚጎትት አይካድም፤ በተለይ ቀንድ አውጣዎቹ በተቃቀፉበት ክፍል ኦፔራ መሰሉ ዜማ ሥራውን ለምስሉ መተው ነበረበት። በእበቷ ጥንዚዛ ክፍል ግን የትንንሽ ፍጥረታት ምስል ሊደርስበት የሚገባው ቦታ በግልጽ ይታያል።

ከፈረንሳይ መስክ ወደ ቦረና ማሳ ሲመለሱ የሚቀድመው ነገር የመሣሪያው ጠባይ ነው፤ ሂሱ ከእርሱ የሚነሣ በመሆኑ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ማክሮ ሌንስ የሚባለው ፍጥረቱን በእውነተኛ መጠኑ፣ አንድ ለአንድ፣ በካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽ ላይ ያሳርፋል። የዚህ ገጽ ስፋት በትልቁ ዓይነት ካሜራ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ነፍሳት ምስሉን ትሞላዋለች ማለት ነው። ማክሮ ሌንስ ውድ ነው። ሆኖም በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት፣ ወይም ተገልብጦ የተገጠመ ተራ ሌንስ፣ ጀማሪውን ወደዚሁ መጠን ያደርሱታል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በአንድ ለአንድ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ 8 ቁጥር ላይ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ 16 ላይ ሲሆን ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቀዳዳው ከዚያ በላይ ቢጠብ ብርሃኑ ራሱ እየተበተነ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ከዚያች ስስ ገጽ ፊትና ኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው።

እንግዲህ የፎቶግራፍ አንሺው ፍርድ የሚታየው በዚህች አንድ ሚሊ ሜትር ላይ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት «ምንጊዜም ዓይኑ ይጥራ» ይላሉ። ምክሩ ከሰው ፎቶግራፍ የተወረሰ ነው። በኢትዮጵያም ፎቶግራፍ ሥር የሰደደው የሰውን ፊት ይዞ ነው፤ በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ በኋላም በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ሰውን ከፊት ለፊት፣ ዓይኑን ከሌንሱ ጋር አጋጥመው አነሡ። ከዚያም በፊት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቃንን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ኃጥኣንን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን የመሣል ወግ ነበራቸው። የዓይን ክብር በዚህ አገር ምስል ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው።

ለደገዛ ግን ይህ ደንብ አይስማማም። ደገዛን ከፊት ለፊት ያነሣ ሰው ሁለት ዓይንና ግንባር ያገኛል፤ አፉና ለጋው የጤፍ ፍሬ የሚገናኙበት ቦታ፣ አጭሩ ክንፍ፣ ረጅሙ የኋላ እግር ሁሉ በጭጋጉ ውስጥ ይጠፋሉ። የቀረው ምስል የማንኛውም ፌንጣ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ ያነሣው፣ የካሜራውንም ገጽ ከነፍሳቱ አካልና ከዘለላው ጋር ትይዩ አድርጎ የያዘው፣ በዚያችው በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ አፉን፣ ክንፉን፣ እግሩንና የተበላውን ፍሬ ሊያሰልፍ ይችላል። የጥራቱ ስፋት አልጨመረም፤ የተቆረጠበት አቅጣጫ ግን ተለውጧል። ደገዛ በገበሬው ፍርድ ከኃጥኣን ወገን በመሆኑ በጎን መነሣቱ ከጥንቱ የሠዓልያን ወግ ጋርም ሳይጋጭ ቀርቷል። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ በቅርብ ፎቶግራፍ የጥራቷ ገጽ መቀመጥ ያለባት ፍጥረቱና ኑሮው በሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። ለንብ ምላሷና አበባው፣ ለሸረሪት እግሯና ድሯ፣ ለደገዛ አፉና የጤፉ ፍሬ። ዓይኑ በዚያው ገጽ ላይ ከወደቀ እሰየው፤ ካልወደቀም ምስሉ አይጎድልም።

የአንድ ምስል ጥልቀት አልበቃ ያለው ሰው ብዙ ምስሎችን እያነሣ በኮምፒዩተር ሊያዋህድ ይችላል። የቢስ ዘዴ ይኸው ነው። ለደረቀ ጥንዚዛ ይስማማል፤ በነፋስ ለሚወዛወዝ የጤፍ ዘለላ ግን አይመችም። ጤፍ ቀጭን አገዳ ያለው ነውና የሰው ትንፋሽ እንኳ ያነቃንቀዋል። ስለዚህ የማሳው ፎቶግራፍ አንሺ የሌንሱን ቀለበት እያዞረ ከመድከም ይልቅ፣ ጥራቱን በአንድ ርቀት ላይ አጽንቶ፣ ገላውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እያነቃነቀ ዘለላው ወደ ጥራቷ ገጽ ሲገባ መጫኑ ይሻለዋል። ከሃያ አንዱ ቢሳካ ጥሩ ውጤት ነው።

የደጋው አየር በዚህ በኩል ባለውለታ ነው። ነፍሳት የገላቸውን ሙቀት በአብዛኛው የሚያገኙት ከአካባቢያቸው በመሆኑ፣ ከሌሊቱ ብርድ በኋላ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ መብረርም መዝለልም ይሳናቸዋል። በመስከረምና በጥቅምት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጤዛ የለበሰች ቢራቢሮ ወይም ፌንጣ ካለችበት ሣር ላይ ሳትነቃነቅ ትገኛለች። ነፋሱም በዚያን ሰዓት ገና አልተነሣም። ማቀዝቀዣ ለምን አስፈለገ? የመካነ ሰላም ንጋት ማንንም ሳይገድል ያንኑ ሥራ ይሠራል። እርግጥ ነው፣ ይህ ምስል የዕረፍት ምስል እንጂ የመብል ምስል አይደለም። ደገዛ ሲበላ ለማየት የፈለገ ሰው ፀሐይ እስክትሞቅ መቆየት፣ ከዚያም የዝላዩን ፍጥነት መቻል አለበት። በዚህ መካከል አንድ መረሳት የሌለበት ነገር አለ፤ ማሳው ባለቤት አለው። ለአንድ ምስል ሲባል እሸት ረግጦ የገባ ሰው ከተባዩ የሚለየው በካሜራው ብቻ ነው። ባለማሳውን አስፈቅዶ፣ በድንበሩ ሄዶ፣ ከዳር ያለውን ዘለላ ማንሣት ይቻላል፤ ደገዛውን የሚያሳየውም ብዙ ጊዜ ባለማሳው ራሱ ነው።

ስለ ብርሃን ብዙ ማለት አያሻም። ጀማሪዎች በፍላሽ ሲያነሡ ከፍጥረቱ ጀርባ ያለው ሁሉ ይጠቁራል። የፍላሽ ብርሃን በአጭር ርቀት ስለሚደክም ነው። ጥቁሩ ጀርባ ውበት ተደርጎ እየተወሰደ መጥቷል፤ በእኩለ ቀን የተነሣች ንብ በሌሊት የምትበር ትመስላለች። የፍላሹን ኃይል መቀነስ፣ ፊቱን በስስ ነጭ ወረቀት መሸፈን፣ ከፍጥረቱም ኋላ ቅርብ የሆነ ቅጠል እንዲኖር ቦታ መምረጥ በቂ ነው። አደይ አበባ ላይ ያረፈች ንብን በተመለከተም ነገሩ አጭር ነው። ምስሉ በየዓመቱ በመስከረም ይመለሳል፤ በመልካም ምኞት ካርድና በቀን መቁጠሪያም ላይ ቦታውን ይዟል። ከቀፎው አፍ ላይ የአበባ ዱቄት በእግሯ ጭና የምትገባው ንብ ግን ገና ፎቶግራፍ አንሺዋን ትጠብቃለች።

የመጠን ነገር ከሁሉ ይከብዳል። በ2013 መግቢያ የበረሃ አንበጣ የወሎን ምሥራቃዊ ቆላማ ወረዳዎች በመታ ጊዜ የተሠራጩት ምስሎች ባመዛኙ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ዓይነት ሰማይ የሸፈነ የአንበጣ ደመና ነው፤ ሌላው ደግሞ ከቅርብ ተነሥቶ ምስሉን የሞላ፣ እንደ አውሬ የሚያስፈራ አንድ አንበጣ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን በደመናውና በአውሬው መካከል ያለው ነገር፣ ማለትም አንበጣው የማሽላውን ቅጠል ከየት ጀምሮ እንደሚበላ፣ ምን አስቀርቶ እንደሚሄድ፣ ከምስሎቹ ብዙ አልተገኘም። አንድን ነፍሳት ከሚገባው በላይ አግዝፎ ማስፈራራት ቀላል ነው፤ የፈራ ተመልካች ግን ያየውን አያስታውስም።

በአንጻሩ የ2009 ዓ.ም. አጋጣሚ የቅርብ ምስል ምን ሊሠራ እንደሚችል ያመለክታል። በዚያ ዓመት መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎ ማጥቃት ሲጀምር፣ መጤውን ከነባሩ ተምች መለየት የሁሉም ጥያቄ ሆነ። መለያው በትሉ አካል ላይ ነው፤ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ከጅራቱ አጠገብ ባለው የገላ ክፍል ላይ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ይህን በቃል ለመግለጽ ብዙ መድከም ያስፈልጋል፤ በአንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ግን ወዲያው ይታያል። እዚህ ላይ «ይህ የግብርና ሥራ እንጂ የኪነ ጥበብ ሥራ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ሚዛን አይደፋም። ትሉን ከበቆሎው እምብርት ሳያወጣ፣ ግንባሩና ጅራቱ በአንዲቱ የጥራት ገጽ ላይ እስኪወድቁ የጠበቀ፣ የተበሳውን ቅጠልና በላዩ ያለውን ፍግ ሳይጠርግ ያነሣ ሰው፣ ይዘቱን ሲያሟላ ቅርጹን አግኝቷል። የትሉ ገላ በቅጠሉ ጥምዝ ውስጥ የሚሠራው መስመር ከማንኛውም የተዘጋጀ ሥዕል አያንስም። ትሉን አውጥቶ በነጭ ሳህን ላይ ያነሣው ሰው ለመለያነቱ ያህል ይጠቅም ይሆናል፤ የሁክን ባዶ ወረቀት ግን ደግሞታል።

አንድ ሌላ ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን በአዲስ አበባ ስትመሠርት ከዓላማዎቿ አንዱ አፍሪካ በአፍሪካውያን ዓይን እንድትታይ ማድረግ ነበር። ይህ አሳብ ከሰው አልፎ ነፍሳትንም ይመለከታል። ደገዛ በለንደን ስም ሲወጣለት የታየው እንደ አዲስ ዝርያ ነው፤ የክንፉ እጥረት፣ የገላው አሠራር ተመዘገበ። ተገቢ ሥራ ነው። በቦረና ማሳ ደገዛን የሚያነሣው የመካነ ሰላም መምህር ግን ለንደን ያልነበረ ነገር በእጁ አለ፤ ጤፉ፣ ወሩ፣ የማሳው ባለቤት ቃል፣ ያለፈው ዓመት ምርት። ይህን ሁሉ ትቶ፣ ከውጭ የመጣ የውድድር ምስል አስመስሎ ጥቁር ጀርባና ሁለት ዓይን ካቀረበ፣ ያለውን ሀብት ጥሎ የሌለውን ተበድሯል።

ስለሆነም ምስሉ ለሕዝብ ሲቀርብ መግለጫው ከምስሉ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይሻል። «ውብ ፍጥረት» ወይም «የተፈጥሮ ድንቅ» የሚል መግለጫ ለማንም የማይጠቅም ነው። በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበት ስም፣ የተነሣበት ቀበሌና ቀን፣ ያረፈበት እህል ወይም ቅጠል፣ የፍጥረቱ ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ ሕያው መሆኑ ወይም መሞቱ፣ ምስሉም ከአንድ በላይ ከሆኑ ፎቶግራፎች የተዋሐደ እንደሆነ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ኅትመቱ ጎልቶ በሚሰቀልበት ጊዜም ከጎኑ ያው ምስል በእውነተኛ የነፍሳቱ መጠን፣ ጥፍር በምታህል ወረቀት ታትሞ ቢለጠፍ፣ ተመልካቹ ዓይኑን ከትልቁ ወደ ትንሿ እያመላለሰ መጠኑን ራሱ ይለካዋል።

እንዲህ ያለውን ትርኢት ለማዘጋጀት ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። የትምህርት ቤት መተላለፊያ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ ግድግዳ፣ ወይም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ይበቃል፤ በገበያ ቀን ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከገበያ ሲመለስ በምስሉ ፊት የቆመ ገበሬ ስለ ሌንሱ ቁጥር አይጠይቅም። ዘለላውን ያያል፤ ፍሬው ወተት ይዞ እንደሆነ ወይም ደርቆ እንደሆነ፣ ጤፉ ነጭ ይሁን ቀይ፣ ደገዛው በዚያ ሰዓት በዚያ ዘለላ ላይ ይወጣ እንደሆነ ወይም ሰው እንዳስቀመጠው ይናገራል። ፎቶግራፍ አንሺው በዚያ ጊዜ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከአጠገቡ መገኘት ይኖርበታል።